ወንድ የማይገባበት ጉድጓድ

ኅዳር 3 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

አዲሱ ጫማ ዛሬም ተረከዜን በላው። የንብረት ክፍሉ ሰው እግር ይለምደዋል ይላል። ሦስት ሳምንት ሆነው። አልለመደውም።

ቁርስ ቅቅል ጎደሬ። እናቴ በርበሬውን ደበቀችብኝ፤ ለጨጓራህ ነው አለች። ጨጓራዬን የሚያሳምመኝ በርበሬ ሳይሆን አዛዤ ሻምበል ታፈሰ መሆኑን ለማን ላስረዳ። የጎጃም ሰው ነው፣ ሲናገርም ሲቆጣም ድምፁ አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ሻ/ል ታ. ብዬ አሳጥረዋለሁ፤ አንተም ደብተሬ ቦታ ትቆጥባለህ።

የዛሬ ሥራ፦ የተሰረቀ ወይፈን አንድ። ጠጅ ቤት የተነከሰ ጆሮ አንድ። የሦስት ሰዎች ቃል ከወላይትኛ ወደ አማርኛ። ሶዶ ጣቢያ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገርና የሚጽፍ እኔ ብቻ ስለሆንኩ መርማሪውም አስተርጓሚውም እኔ ነኝ። ሰውየው በወላይትኛ ያለቅሳል፣ እኔ በአማርኛ አለቀሰ እላለሁ፣ ሻ/ል ታ. ይጽፋል። ከዚያ ሁላችንም ምሳ እንሄዳለን።

ትናንት ጸሎት ቤት የጌታ እራት ነበር። እናቴ እንደ ልማዷ ኅብስቱ ሳይዞር ተነሥታ ወጣች። ወንጌል ከተቀበለች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን አልቀመሰችም። ሽማግሌዎቹ ትሕትና ነው ይላሉ። እኔ ግትርነት እለዋለሁ። ስጠይቃት ጎመኑ እንዳያርር ብዬ ነው አለችኝ።

ሰዓቴ ደረሰ። ተረከዜም።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ከገሱባ አሁን መመለሴ ነው። አቧራው እስከ ጥርሴ ገብቷል። በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ልትጥለኝ ሞከረች፣ አንዱ ተሳክቶላታል።

ጠዋት ሻ/ል ታ. ጠራኝ። ከገሱባ ወዲያ ባለች መንደር ምእመናኑ ለትምህርት ቤት መሠረት ሲቆፍሩ የሰው አጥንት አገኙ። ሂድና እይ አለኝ። የመንደሩን ስም ነገረኝ። ቦታውን ታውቀዋለህ ወይ ሲለኝ በመጠኑ ጌታዬ አልኩ።

በመጠኑ። እስከ ሰባት ዓመቴ የኖርኩበት ጓሮ ነው። ለአንተ ብዋሽ ምን ይረባኛል።

አባቴ ከታሰረ በኋላ እናቴ እኔን ይዛ ሶዶ ገባች፣ ሚሲዮኑ ክሊኒክ ልብስ አጣቢ ሆነች። መሬቱ ከሰው ሰው ሲተላለፍ ቆይቶ አሁን ለትምህርት ቤቱ ተሰጠ። እንሰቱ ሁሉ ተመንጥሯል። ቤታችን የነበረበትን ያወቅሁት በዋርካው ብቻ ነው።

መሠረቱን ሲቆፍሩ የድሮ የቆጮ ጉድጓድ ነው የከፈቱት። እናቶቻችን ቅጠል እያነጠፉ ቆጮውን ዓመት የሚያቆዩበት፣ ሰው ቆሞ የሚውጠው ዓይነት። ወታደር ዳልኬን ግባና አውጣ አልኩት። ዳልኬ እዚያው በገሱባ አካባቢ፣ ኦፋ የተወለደ፣ ሌባ ተከትሎ ገደል የሚገባ ሰው ነው። አልነቃነቅም አለ።

"ጌታዬ፣ ይሄ የቆጮ ጉድጓድ ነው። ሴት ነው የሚገባ። እኔ እንዴት ይገባል?"

ሳቅሁበት። ቆጮ ከተቀበረበት ሃያ ዓመት ያለፈው ጉድጓድ ነው፣ ምን ሴትና ወንድ አለው አልኩት። ትኩስ ውኃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው እግሩን እየሰበሰበ ወረደ። እኔ አፋፉ ላይ ቆምኩ። ተረከዜ ስላመመኝ ነው ብያለሁ።

የተገኘው፦ የአንድ ወንድ አጥንት። በጎኑ ተኝቶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ። የራስ ቅሉ በግራ በኩል ተሰብሯል። ዙሪያውን የጠቆረ የበሰበሰ ቅጠል፣ ንብርብር ንብርብር፤ የቃጫ ገመድ ብጥስጣሽ። ክንዱ ላይ አረንጓዴ የሆነ የመዳብ አምባር። ቀኝ ቅልጥሙ በሕይወት ሳለ ተሰብሮ ጠምሞ የገጠመ።

ቅልጥሙን ብዙ አየሁት።

ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው ወደ ቤታችን ሲመጣ ሳናየው በእርምጃው እናውቀው ነበር። አንድ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ሻንካ።

አባቴ ይርጋለም ወኅኒ የሞተው ሻንካን ገድለሃል ተብሎ ነው። ራሱ ነው ያመነው። ሬሳውን ደሜ ወንዝ ጣልኩት ብሏል። ደሜ ከዚያ ጓሮ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

የመንደሩን ወንዶች ጠየቅሁ፣ አሥራ አንድ። አንዱም አያውቅም። አስፈረምኳቸው። አጥንቱን በከረጢት።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ። ምሳ ሰዓት

ለሻ/ል ታ. ሪፖርት ሰጠሁ። ማንነቱ ያልታወቀ የወንድ አጽም ብያለሁ። ውሸት አይደለም፤ እስካሁን ያላወቀው እሱ ነው።

አንድ ነገር ላንተ ልንገርህ። ስሜ በመዝገብ ምክትል መቶ አለቃ ኤልያስ ላቾሬ ነው። ላቾሬ አያቴ ነው። አባቴ ባሳ ይባላል። ፖሊስ ስገባ ጸሐፊው ስም ሲለኝ ባሳን ዘለልኩት። የነፍሰ ገዳይን ልጅ ጠመንጃ የሚያስይዘው ማን ነው? ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እንደዚያ ቀላል ነበር።

ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። አጥንት ተገኘ፣ ከድሮው ጓሮአችን አልኳት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። እጇ ቆመ። ከዚያ ቀጠለች።

በጥንቃቄ ነው ወይ ያወጣችሁት አለችኝ።

በከረጢት ነው አልኩ።

በከረጢት፣ አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። የማን ነው ብላ አልጠየቀችም።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ ሙሉ ቀን መዝገብ ቤት። አይጥ የበላው፣ ዝናብ የጠጣው፣ ሁሉም አለ። የ1934ቱን አገኘሁት። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ የተጻፈ፣ አራት ገጽ። በእንግድነት የመጣ ጸሐፊ የጻፈው፣ ቆንጆ እጅ ጽሑፍ።

የአባቴ ቃል አምስት መስመር ብቻ። ወንድሜን ሻንካን በጠብ ገደልኩ፤ ሬሳውን ደሜ ወንዝ ጣልኩ፤ ብቻዬን ነኝ፤ ሌላ ሰው አያውቅም። ከሥሩ የአውራ ጣት ምልክት። ጣቴን አጠገቡ አስቀመጥኩ። የእኔ ይበልጣል። ለምን እንዳስቀመጥኩ አላውቅም።

አራተኛው ገጽ የፍተሻ ነው። አባቴ እጁን ከመስጠቱ አንድ ቀን በፊት የተደረገ። ቤቱ ተፈተሸ፣ የከብቱ ጋጣ ተፈተሸ፣ ደጃፉ ላይ ደም ታየ። ከዚያ ይህ፤ ቃል በቃል ልገልብጥልህ፦

"ጓሮው፦ ሴቶች ቆጮ እየቀበሩ ስለተገኙ፣ የአገሩም ልማድ ወንድ ወደዚያ እንዲቀርብ ስለማይፈቅድ፣ ሳይፈተሽ ታልፏል።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አባቴ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አልገባም። የአገሬ ወንድ ሰው ሊገድል ይችላል፤ የቆጮ ጉድጓድ ግን አይከፍትም። ቅጠል በቅጠል ላይ ማነባበሩን፣ በቃጫ መቋጠሩንም አይችልበትም። ያ ሬሳ እንደ ቆጮ ተሰናድቶ ነው የተቀመጠ። የሴት እጅ ነው።

ዳልኬ ገና አፋፉ ላይ ሳለ ገብቶታል። እኔ ሳቅሁበት።

ሌላው የሚያበግነኝ። አዲስ አበባ ዘጠኝ ወር ሠልጥኜ፣ አሥራ አንድ ሰው ጠይቄ፣ አንድ ሴት አልጠየቅሁም። ዙሪያውን ቆመው ያዩ ነበር፣ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። የ1934ቱ ሰውዬም አልጠየቀም። እሱ ግን ቢያንስ አለመፈተሹን ጽፏል።

ኅዳር 9፣ እሑድ። ከምሳ በኋላ

ከጸሎት ቤት ተመለስን። ምሳ አቀረበች። በላሁ። በአውራጃው ያለውን ሌባ ሁሉ ጠይቄያለሁ፣ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ሴት መጠየቅ አቃተኝ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዚያን ዓመት ከራሳችን ጉድጓድ አልበላንም። ጎረቤቶች ቆጮ ያመጡልን ነበር፣ በየተራ፣ በቅጠል ጠቅልለው። የኛስ ብዬ ጠየቅሁ። ተበላሸ ተባልኩ። የዓመት ምግብ ተበላሸ ሲባል አንድ ሰው እንኳ እሰይም ወዮም አላለም። በላዩ እንሰት ተተከለበት። ያ እንሰት ከሌላው ሁሉ ፈጥኖ አደገ፤ እናቴ ግን አንድ ቀን አልቆረጠችውም።

ልጅ ሁሉን ያያል፣ ምንም አያውቅም። መርማሪም እንደዚያው።

ኅዳር 10፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 5 ሰዓት

የድሮውን መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ውኃ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ሻ/ል ታ. ቆሞ እያነበበ። ገጹን በጣቱ ይዟል። ሟች፦ ሻንካ ላቾሬ። ተከሳሽ፦ ባሳ ላቾሬ።

ላቾሬ የሚባል በዚህ አገር ብዙ ነው ወይ አለኝ። አለ ጌታዬ አልኩ።

እግሬን አየ። ይህን ጫማ ቀይር፣ እያነከስክ ነው አለኝና ሄደ።

ማነከስ በቤተሰብ ነው ልለው ነበር። አላልኩም።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

የሚካኤል ቀን። ሻ/ል ታ. ንግሥ ሄዷል። ከተማው ጢስ በጢስ፤ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ ያቃጥላል። ፈቃድ ሳልጠይቅ ገሱባ ወረድኩ። በአሮጌው ጫማ።

የሻንካ ሚስት ማንቴ ዛሬም በሕይወት አለች። አርጅታለች፤ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ቃጫ ታበጥራለች። ሳልናገር "የባሳ ልጅ" አለችኝ። እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው ካየሁ አሥር ዓመት አልፎኛል።

የፖሊስ ቆቡን አድርገህ ነው የመጣኸው ወይስ አውልቀህ አለችኝ። አወለቅሁ። እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፣ ሳይጠፋብኝ።

እናቴ የተገዛች ናት።

ሻንካ ነው የገዛት፣ ከኦሞ ማዶ ከመጡ ነጋዴዎች፤ የዘጠኝ ወይ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች። በሻንካ ቤት ውኃ ቀድታ፣ እንሰት ፍቃ አደገች። አባቴ ታናሹ ወደዳት። ውሰዳት አለው ሻንካ፣ እንደ ቀልድ። አባቴ ቤት ሠራላት። እኔ ተወለድኩ። ሻንካ ግን ሰጠሁ አላለም፤ ውሰዳት ነው ያለው።

ጣሊያን ወጣ። መንግሥት የሰው ንግድ ክልክል ነው ቢልም ነጋዴዎቹ ገና በጫካ መንገድ ይመላለሱ ነበር። ሻንካ ተቸገረ። አባቴ ሶዶ ገበያ የሄደ ቀን ጠብቆ መጣ፣ ገመድ ይዞ። ሁለት ሰዎች ከዋርካው ሥር ይጠብቁታል። እናቴ ጓሮ ናት፤ ስድስት ሴቶች በደቦ ቆጮ ይሠራሉ፣ ማንቴ አንዷ። ወንድ በማይገባበት ቦታ ገባ። ክንዷን ይዞ እስከ ደጃፉ ጎተታት። ልጁም የእሷ ነው፣ እሱንም አምጡት አለ።

ልጁ እኔ ነኝ።

የእንሰቱን ሥር የምትወቅጥበት ዘነዘና በእጇ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታችው ትላለች ማንቴ። ዋርካው ሥር ያሉት ሰዎች ሮጡ።

የተገደለው ባልሽ አልነበረም ወይ አልኳት። መርማሪነቴ አልለቀቀኝም። ቃጫውን አስቀመጠች።

"ከእናትህ በፊት ሁለት ልጆች ሸጧል። አንደኛዋን ጡት ያጠባኋት እኔ ነበርኩ። ቅጠሉን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።"

ነጋዴዎቹ ወሬውን በትነውት ነበር፤ በማግሥቱ ፈታሾቹ መጡ። ስድስቱ ሴቶች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆጮ እየረገጡ ይዘፍናሉ። ወንዶቹ ፊታቸውን አዙረው አለፉ። አባቴ ከገበያ ሲመለስ ሰማ። አንድ ቀን አሰበ። ፍለጋው ወደ ጓሮ እንዳይመለስ ሄዶ ወንዙን ሰጣቸው። ከስድስቱ ሦስቱ ሞተዋል። አንዷም ለባሏ አልተናገረችም።

ማንቴ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ለምን ዛሬ ነገርሽኝ አልኳት። ዛሬ ነው የጠየቅከኝ አለችኝ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት

አንድ ቀን አልጻፍኩም። ይቅርታ። ትናንት ጮህኩ። እናቴ ላይ። በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም።

ማንቴ ጋ ሄጄ ነበር አልኳት። እናቴ ተቀመጠች። እኔ ግን ቆሜ ጮህኩ። አባቴ በማያውቀው ወንጀል ወኅኒ ሞተ፣ እኔ ስሙን አፍሬበት ቆርጬ ጣልኩት፣ አንቺ ጎመን ትቀነጥሻለሽ አልኩ። ሌላም ብዬአለሁ፣ አልጽፈውም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ልትናገር ፈልጋ ነበር። አባቴ ነው የከለከላት። ልጁን ማን ያሳድገዋል አላት። እሱ ሲሞት ደግሞ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ጥያቄው ያው ነው። በኋላ ወንጌል ተቀበለች። ይህን በአፏ ይዛ ኅብስቱን መጉረስ አልቻለችም። አሥራ ሁለት ዓመት። ጎመኑ እንዳያርር።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"ጻፈው። የአባትህን ስም አጥራልኝ። አንተም ስሙን መልስ።"

ታውቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የላከልኝን የሹመት ደብዳቤ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር ያነበበላት፤ ኤልያስ ላቾሬ ይላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች። አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ከቀኑ 9 ሰዓት

ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አንደኛው፦ አጽሙ የጥንት ቀብር ይመስላል፣ ማንነቱ ሊታወቅ አልቻለም፣ መዝገቡ ይዘጋ። ጥሩ ነው የጻፍኩት፣ ራሴን ላመስግን። ሁለተኛው ባዶ ነው።

ሕጉን አየሁ። ከባድ ግድያ ከተባለ ይርጋው፣ ክስ የሚቀርበት ጊዜ፣ ሊሞላ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። አራት ዓመት ብቻ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከሰጠሁ እናቴ በቤቷ ታረጃለች፤ አባቴ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛውን ከሰጠሁ አባቴ ይነጻል፤ እሷ በዚህ ዕድሜዋ ወኅኒ ልትገባ ትችላለች። አባቴ ሞቷል፣ ምን ይጎድልበታል? ይህን ጥያቄ ሃያ ጊዜ ጠየቅሁ። አራት ዓመት ዝም ማለት የሚያቅተኝ ምን ሆኜ ነው? እሷ ሃያ አንድ ችላለች።

ግን እሷ ናት በቃኝ ያለችው። እኔ አይደለሁም።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ለሻ/ል ታ. ነገርኩት። ቆሜ፣ ሁሉንም፣ ስሜን ጭምር። የማንቴንና የሴቶቹንም። መስኮቱን እያየ ሰማኝ። ሰኞ ዕለት መዝገቡን ካየ ጀምሮ እንደጠረጠረ አልደበቀኝም። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቅጠል ያነጠፉትን አሮጊቶች ነገር ሕጉ ጊዜው አልፎበታል አለ፤ አልጽፋቸውም። የእናትህ ግን የዳኛ ጉዳይ ነው። ልትሸጥ የነበረች ሴት ናት፣ ፍ/ቤት ይህን ማየቱ አይቀርም፤ ቃል ግን አልገባልህም አለ። ሰኞ 3 ሰዓት ይዘሃት ና።

አስተርጓሚ ሌላ ይሁን አልኩ። ልጇ ነኝ፣ አይገባም። የፍ/ቤቱ አስተርጓሚ ያለው ይርጋለም ነው አለኝ። ዳልኬ ይቀመጥና ይስማ አልኩ። ዳልኬን ለወይፈኑ ጉዳይ ወደ ቢጠና ልኬዋለሁ አለ። ወይፈኑ ከተገኘ አምስት ቀኑ ነው።

እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ። ሳያየኝ እንዲህ አለ፦

"እኔ ወላይትኛ አልሰማም። ያልከኝን እጽፋለሁ፣ ያላልከኝን አልጽፍም።"

ገባኝ። በሩን ከፍቶልኛል። ለዚህ ሰው ስንት ነገር ብዬአለሁ እዚህ ገጽ ላይ። የሰው ደግነት እንዲህ ሲከብድ አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 16፣ እሑድ። ከቀኑ 10 ሰዓት

እናቴ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። ለሌላ አስተርጓሚ ብትናገር ይሻላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በሌላ ሰው አፍ አልናገርም አለች።

ከዚያ እንለማመድ አለችኝ። እንደ ተማሪ። እሷ በወላይትኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ። ዋርካውን ተናገረች፣ መለስኩ። ገመዱን ተናገረች፣ መለስኩ። ዘነዘናውን አነሣሁት አለች፣ ገደልኩት አለች። እኔ "አንድ ጊዜ መታሁት" አልኩ።

አየችኝ። በአማርኛ፣ በገበያ አማርኛዋ፣ ቀስ ብላ፦

"መታሁ አይደለም። ገደልኩ።"

አማርኛ ትሰማለች። ስንት ዓመት ሙሉ በቤቴ እንግዳ ሲመጣ ለእሷ አስተረጉም ነበር፤ ዝም ብላ ታዳምጠኛለች። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ እኔ ብቻ አለቀስኩ።

የሚመጣው ሁሉ ከነገ በኋላ ነው። ጎመኑን ዛሬ አሳረረችው። ተሳስታ ነው።

ኅዳር 17፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

አሮጌውን ጫማ አደረግሁ።

ማመልከቻ ጽፌአለሁ፣ ሁለት መስመር። በመዝገብ ኤልያስ ላቾሬ ተብሎ የሚታወቀው ስሜ ኤልያስ ባሳ ላቾሬ ተብሎ ይስተካከልልኝ። ፈርሜበታለሁ። አዲስ ፊርማ ነው፣ እጄ ገና አልለመደውም። የመጀመሪያውን ወረቀት፣ ያን ቆንጆውን፣ ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ወስኛለሁ። ያለችውን እላለሁ። ገደልኩ ካለች ገደልኩ። አልጨምርም፣ አልቀንስም። ሻ/ል ታ. የከፈተልኝን በር አያለሁ፣ አመሰግነዋለሁ፣ አልገባበትም። የምትለውን ከቀነስኩባት እኔም ገበያ ላይ እንደገዛኋት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩበትም ነበር፤ አሁን ፎርሙን ሳወጣ አየሁት። የምስክርነት ቃል መቀበያ፣ በየቀኑ የምሞላው። አንደኛው መስመር፦ ስም እስከ አያት። ማርታ እናቴ ከጸሎት ቤት ያገኘችው ስም ነው። በመንደር የባሳ ሚስት ነበረች። ከዚያ በፊት በሻንካ ቤት ማን ይሏት ነበር? ከኦሞ ማዶ እናቷ ማን ብላ ጠራቻት? አባቷ ማን ነው? ሃያ ሰባት ዓመት እናቴ ሆና አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ይኸውልህ፣ ሌላ ያልተጠየቀች ሴት።

ዛሬ 3 ሰዓት ላይ ሻ/ል ታ. ስምሽ ማን ነው ይላል። እኔ አስተረጉማለሁ። በየትኛው ቋንቋ እንደምትመልስ እንኳ አላውቅም። እንደሰማሁት ነው የምለው፣ እስከ አያት።

ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ልጄ ረፈደ ትላለች። በአማርኛ።